የጎማው ዱካ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ይጁቤ ሲኬድ፣ እኩሌታው መንገድ ላይ የንጉሥ ደን የሚባል ጫካ ነበር። በንጉሡ ዘመን አንድ ጽድ ያለ ፈቃድ የቆረጠ ይገረፍበታል። ጣልያን ሲመጣ ደግሞ ገብቶ የተገኘ ሁሉ በጥይት ይመታል ተብሎ ታወጀ። ደኑ ለድኃ ድሮም ሆኖ አያውቅም፤ ያን ጊዜም አልሆነም። አውራ መንገዱ ጫካውን ዳር ዳሩን ዞሮ ነው የሚያልፈው። አርበኛ እንዳይመሽግበት ብለው በመንገዱ ግራና ቀኝ የነበረውን ወይራ ሁሉ አስጨፍጭፈውታል።

በዚያ መንገድ በቢስክሌት የሚመላለስ አንድ የአገር ሰው ነበር፤ ታረቀኝ ይባላል። የጣልያንን ፖስታ ከምሽግ ወደ ምሽግ ያደርሳል። ክንዱ ላይ ቀይ ጨርቅ ስላሰረ ማንም አያስቆመውም። ገበሬው ባየው ቁጥር ምራቁን እንትፍ ይላል፤ እውነቱን ለመናገር ይገባው ነበር። ግን እህት ነበረችው።

ታናሽ እህቱ የብርጓል የምትኖረው ጫካው ጥግ ነው። ባሏ እንዳላማው አርበኛ ነበር። በመስከረም በተደረገ ተኩስ ጭኑን ተመታና ጓዶቹ ሲሸሹ መሸከም ቢያቅታቸው ደኑ ውስጥ ካለ ትልቅ ዝግባ ሥር አስቀምጠውት ሄዱ። የብርጓል ጎህ ሲቀድ እየሾለከች እህል ውኃ ታደርስለታለች። ቁስሉ መሽተት ሲጀምር ግን ጨነቃት። ልጅ አልወለደችም፣ እናት አባቷ ሞተዋል፤ ከእሱና ከወንድሟ ሌላ ማን አላት?

አንድ ቀን ጠዋት መንገዱ መካከል ቆማ ወንድሟን ጠበቀችው።

«አያ፣ እንዳላማው ሊሞትብኝ ነው።»

«የት ነው ያለው? ተይ፣ አትንገሪኝ!»

«ዝግባው ሥር። ልጆች ሆነን እንኮይ የምንለቅምበት።»

ታረቀኝ ዙሪያውን ገላመጠ። «እንግዲህ ነገርሽኝ። ምን ላድርግልሽ?»

«የቁስል መድኃኒት ከምሽጋችሁ አይጠፋም። እኔ ከተማ ብገባ ይይዙኛል። አንተን ማን ይፈትሽሃል?»

«ጫካ ገብቼ እስክወጣ ፖስታው ይዘገያል፤ ሲዘገይ የት ነበርህ ይሉኛል። በእግር ሩቅ ነው፣ የብርጓል።»

«በእግርህ ግባ ያለህ ማን ነው? በዚሁ ጉድህ አቋርጥ!» አለች ቢስክሌቱን በአገጯ እያመለከተች።

ታረቀኝ እህቱን እምቢ ማለት አይችልበትም። በማግሥቱ ለቁስል የሚነሰነስ ነጭ ዱቄት ካልሲው ውስጥ ሸጉጦ ከአውራ መንገዱ ተገነጠለና ጫካው ውስጥ ገባ። አፈሩ ረጥቦ ስለነበር ጎማው ድምፅ አልነበረውም። ሥር ባገኘ ቁጥር እየነጠረ፣ ቅርንጫፍ ሲመጣበት መሪው ላይ እየተደፋ ሄደ። ምንጩ ጋ ሲደርስ ቢስክሌቱን ተሸክሞ ተሻገረ። ከዚያ ወዲያ እስከ ዝግባው ያለው ቁልቁለት ነው፤ ፔዳል ሳይመታ፣ በጽዱ ጥላ ውስጥ ለቀቀው። ጣልያን አገሩን ከያዘው ወዲህ ደስ ብሎት አያውቅም ነበር፤ ያን ጊዜ ደስ አለው።

የእንዳላማውን ቁስል አጥቦ፣ ዱቄቱን ነስንሶ፣ ጠቅልሎለት በእህቱ ደጃፍ በኩል ወጣ።

«ይተርፍልሻል» አላት ከቢስክሌቱ ሳይወርድ። «ትኩሳቱ ከለቀቀው ይነሣል።»

የብርጓል ያንን ስታፍርበት የኖረችውን ብረት ልትስመው ምንም አልቀራት። ወንድሟ ከዓይኗ እስኪሰወር አየችውና ወደ ቤቷ ዘወር አለች። መሬቱን ያየችው ያን ጊዜ ነው።

ከጫካው ጀምሮ በደጃፏ አልፎ፣ እባብ የሄደበት የመሰለ ቀጭን መስመር ተሰምሯል። የሰው ዱካ እዚህ ቢታይ እዚያ ይጠፋል። ይህ ግን አንድም ቦታ ሳይቋረጥ እስከ ባሏ ራስጌ ይመራል። በዚያ አገር ይህን ምልክት የሚተው ከታረቀኝ ቢስክሌት በቀር ሌላ ነገር የለም። በተረከዟ ልታጠፋው ሞከረች፤ የት ትደርሳለች? ቀና ስትል ደግሞ ከይጁቤ በኩል፣ ገና ማዶ ተራራው ላይ፣ ባንዶች ሲመጡ ታዩዋት።

እየሮጠች ጎረቤቷ አያ ፈንታ በረት ደረሰች።

«አያ ፈንታ፣ ከብቶችዎን ይስጡኝ! ለምን አይበሉኝ!»

ሽማግሌው መሬቱን አዩ፣ ፊቷን አዩ፣ በረቱን ከፈቱ። በሬዎቹን፣ ላሟንና ጊደሮቹን በመስመሩ ላይ ነዷቸው፤ ዝግባው አጠገብ አሳልፈው እስከ ምንጩ ማዶ አደረሷቸውና በዚያው መለሷቸው። የጎማው ዱካ ድራሹ ጠፋ። «ጎሽ፣ ልጄ» አሏት አያ ፈንታ። የብርጓል እንዳላማውን በገዛ እጇ ያዳነችው መሰላት።

ባንዶቹ ስለ ጎማ አላሰቡም። የመጡት ለምሽጉ የሥጋ ከብት ሊወስዱ ነበር። አለቃቸው፣ ሹምባሹ፣ በረቱ ላይ ቆሞ ከብቶቹን አየ። ቀጥሎ ወደ ጫካው የሚያመራውን ትኩስ እበትና የተቦካ ጭቃ አየ።

«የቀሩት የት አሉ?»

«እነዚህ ብቻ ናቸው፣ ጌታዬ» አሉ አያ ፈንታ።

«ይህ ሁሉ ኮቴስ?»

«ውኃ ሊጠጡ ገብተው ነው።»

«ወንዙ በዚህ በኩል እያለ?»

የብርጓል እግሩ ላይ ተደፋች። «እነዚህን ውሰዱ! ሁሉንም ውሰዱ፣ በማርያም!» ሽማግሌውም «ይውሰዷቸው፣ ጌታዬ፤ አንድ አያስቀሩ» አሉ። የእርሻ በሬውን እንዲህ ለምኖ የሚሰጥ ገበሬ ሹምባሹ በዕድሜው አይቶ አያውቅም።

«ስንት ብትደብቁ ነው!» ብሎ ሳቀና ሰዎቹን ወደ ጫካው ሰደዳቸው።

የብርጓል ከወደቀችበት አልተነሣችም። አንድ ተኩስ ተሰማ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ አልተሰማም።

ሰዎቹ ተናደው ተመለሱ። «ከብት የለም» አለ አንዱ። «አንድ ቁስለኛ ብቻ ነው ያገኘነው።» የአያ ፈንታን ከብቶችም ነድተው ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ኃይለኛ ዝናብ ጣለና ኮቴውንም እበቱንም አጠበው።

ታረቀኝ ወሬውን የሰማው ምሽግ ውስጥ ነው። በማግሥቱ መጣና ቢስክሌቱን ጭቃ ላይ ጥሎ እህቱ እግር ሥር ተንበረከከ። ቀዩን ጨርቅ ከክንዱ በጥሶታል።

«ዱካዬን ነው የተከተሉት» አለ እያለቀሰ። «እኔ ነኝ የገደልሁት።»

የብርጓል ከመቃብር መልስ ነበረች፤ እጇ ላይ ያለው አፈር አልታጠበም።

«ዱካህንማ አላዩትም፣ አያ» አለችው። «አጥፍቼው ነበር።»