መልስ ካልመጣ

መመሪያ ጸሐፊዋ ጠዋት ቢሮ ስትገባ የክፍል ኃላፊውን የእሷ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ደህና ወሬ ሲኖረው ቆሞ ነው የሚያወራው።

«አንዲት ደንበኛ በጣም ተናዳለች» አላት። «ፕሮግራመሮቹ አዩት፤ ሶፍትዌሩ ምንም አልሆነም። ወኪሉ ያደረገው አንቺ የጻፍሽውን ነው።»

መሥሪያ ቤቱ የሚሸጠው የፈቃድ መጠየቂያ ሶፍትዌር ነው። ሰዎች ቀጠሮ እንዲይዝላቸው፣ ደብዳቤ እንዲመልስላቸው የሚያሰማሩት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪል ከበድ ያለ ነገር ከማድረጉ በፊት ባለቤቱን በዚያ በኩል ይጠይቃል። ምኑን ጠይቆ፣ ምኑን ሳይጠይቅ እንደሚሠራ በመመሪያ የምታስቀምጠው እሷ ናት። መመሪያውን ሰውም ወኪሉም ያነበዋል። ሰው ግራ ሲገባው ደውሎ ይጠይቃል፤ ወኪሉ ግን የተጻፈውን ይዞ ቀጥ ነው።

ጣጣ ያመጣችው አንዲት መስመር ነበረች፦ «ባለቤቱ ካልተቃወመ ወኪሉ ሥራውን ይቀጥላል።» ስትጽፋት ምንም አልከነከናትም። ባደገችበት ቤትም ነገሩ እንዲያው ነበር። «አባዬ፣ ልሂድ?» ስትል አባቷ ጋዜጣቸውን ገለጥ አድርገው ዝም ካሉ ትሄዳለች። ካልፈለጉ መነጽራቸውን ያወልቃሉ።

«ይቅርታ በኢሜይል እንልክላታለን» አለ ኃላፊው።

«ሄጄ ባገኛት ይሻላል።»

«እንደፈለግሽ። ብትጮህብሽ ግን እኔ የለሁበትም።»

የደንበኛዋ የሥራ ቦታ ከጫማ መደብር በላይ ያለ የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ ነው። የክሊኒኩ ባለቤት ጠና ያለች ሴት ናት፤ አንድ እጇን ጎኗ ላይ ደግፋ ቀስ እያለች መጣች።

«ትርፍ አንጀቴ ፈንድቶ በአምቡላንስ ወሰዱኝ» አለች፣ ሰላምታ እንኳን ሳታስቀድም። «ያ ወኪላችሁ ሆስፒታል መግባቴን አይቶ የሳምንቱን ቀጠሮ በሙሉ ልሰርዝ ወይ ብሎ ይጠይቀኛል። እኔ ኦፕራሲዮን ላይ ነኝ። ሰመመን ውስጥ ያለ ሰው ምን ብሎ ይቃወም?»

«መልስ ስላልሰጡት ነው...»

«ዝም ማለቴ እሺ ማለት ነው ያለው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለች ጸሐፊዋ።

ሴትዮዋ ልትናገረው ብዙ ነገር አዘጋጅታ እንደነበር ፊቷ ላይ ያስታውቃል፤ ግን ዋጥ አደረገችው። ረዳቷ ሕሙማኑን በሙሉ ማስተናገድ ትችል ነበር። ቀጠሮው ስለተሰረዘ ግን ባዶ ክፍል ውስጥ ፎጣ ስታጥፍ ሰነበተች።

ከወዲያ፣ በሁለት የብረት መደገፊያዎች መሃል፣ ስትሮክ ያገኛቸው አንድ አዛውንት አንድ እግራቸውን እየጎተቱ ይለማመዳሉ። ወሬው ጆሯቸው ገብቷል።

«እኔማ ቀጠሮው ተሰረዘ የሚለው መልእክት ሲደርሰኝ ሐኪሟ ተስፋ ቆርጣብኝ ነው አልኩ» አሉ መስታወቱን እያዩ። «ሰው በስልክ ማባረር ዘመኑ ያመጣው መስሎኝ።» ሳቅ አሉ። «ልጆቼ ተለማመድ እያሉ ቢለምኑኝ ምን ዋጋ አለው ብዬ ተኛሁ። ይኸው፣ የተፍታታው ጉልበቴ ተመልሶ ደረቀ።»

ጸሐፊዋ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ላፕቶፗን ከፈተችና ሴትዮዋን ጠየቀቻት፦ «ለወኪሉ በቃልዎ ቢነግሩት ምን ይሉት ነበር?»

«እሺ እስክል አትንካ። ሌላ ምን አለው?»

ቢሮ ስትመለስ መስመሯን አጥፍታ እንዲህ ጻፈች፦ «ባለቤቱ በግልጽ ካልፈቀደ ወኪሉ አይቀጥልም። መልስ አለመምጣቱ ፈቃድ አይደለም። ባለቤቱ ካልተገኘ በእሱ ምትክ እንዲፈቅድ የተመረጠውን ሰው ይጠይቃል። እሱም ካልተገኘ ምንም ሳይነካ ይጠብቃል።»

«ደንበኛ የሚገዛን ሥራው ቶሎ እንዲያልቅለት ነው» አለ ኃላፊው። «አሁን ወኪሉ ተገትሮ ሊውል ነው።»

«ይገተር።»

አጠገቧ የነበረው ፕሮግራመር ስክሪኗን አንብቦ ጭንቅላቱን አከከ። «ይሄ በጽሑፍ ብቻ አይሆንም። ሶፍትዌሩም ላይ ምትክ ሰው የሚመረጥበት ቦታ መግባት አለበት» አለ። ኃላፊው ሁለቱንም በየተራ አያቸውና «በሉ ሥሩት» ብሎ ወጣ። ደስ እንዳላለው ያስታውቅ ነበር።

አዲሱ መመሪያ ከወጣ በኋላ ሴትዮዋ ደወለች።

«እህቴ፣ አሁን ደግሞ ሳሙና ልዘዝ ወይ፣ ወረቀት ልዘዝ ወይ እያለ ቁም ስቅሌን እያሳየኝ ነው!»

«ሳይጠይቅ የሚሠራውን እርስዎ ይለዩልኝ።»

«ዕቃ ይዘዝ። ሰው ግን ሳይጠይቀኝ አይንካብኝ።»

«እሺ። እኚያ አዛውንትስ?»

«ይመጣሉ። ጉልበታቸው ገና ነው። ትናንት ግን አመመኝ ብለው ሲሰድቡኝ ዋሉ፤ እኔ ጋ ይሄ ደህና ምልክት ነው።»

ጸሐፊዋ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ይዛ፣ ወኪሉ ሳይጠይቅ ማዘዝ የሚችለውን ሴትዮዋ እየነገረቻት መጻፍ ጀመረች።