የአክስቴ ጣውንት

አክስቴ የባሏን ኮምፒውተር «ጣውንቴ» ነበር የምትላት። አልተሳሳተችም። የመሬት ቀያሽ የነበረው ባሏ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከዚያች ማሽን ፊት የሚነሳው ለምሳና ለእንቅልፍ ብቻ ነበር። የድሮ ካርታዎቹን ያስተካክላል፤ ሲሰለቸው ብቻውን ቼዝ ይጫወታል። ዝምተኛ ነው ስላችሁ ደግሞ እንደ ማንኛውም ዝምተኛ እንዳይመስላችሁ፤ ሰላምታ እንኳ ከአፉ የሚወጣው ተለምኖ ነው። ክፍሉ ውስጥ ሰው መኖሩ የሚታወቀው በማሽኗ ማራገቢያ ነበር። ክንፉ ተሸርፎ ስለነበር ጠጠር እንደገባበት ወፍጮ እየተንገጫገጨ ነው የሚዞረው።

እሱ ሲሞት ማሽኗም ብዙ አልቆየች፤ ሊከፍቷት ቢሞክሩ እምቢ አለች። አክስቴ ከዚያ በኋላ ቤቷ አላስቀምጥ አላት። በጠዋት ቆልፋ እኔ ሱቅ ትመጣለች፣ በሩ ሥር በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፣ እስክዘጋ ትውላለች። ልጇ ቤቱን ሸጣ እሱ ጋ እንድትገባ ይወተውታታል። እሷ ከዚያ ቤት መውጣቱን እንደ ሞት ነው የምታየው፤ መቀመጡም አልሆነላትም።

እኔ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። የሰፈሩ ሰው «ወጌሻዋ» ይለኛል፤ ሌላው ባለሙያ «ጣሉት» ያለውን ሁሉ ተሸክሞ ወደ እኔ ይመጣል። ከአንዱ ሬሳ ሚሞሪ፣ ከሌላው ዲስክ አወጣና ለሦስተኛው እሰጣለሁ። ከዚያ ሊነክስ እጭንበታለሁ። ሊነክስ በየአገሩ ያሉ ሰዎች ተጋግዘው የሚሠሩት፣ ማንም በነፃ የሚወስደው ሲስተም ነው፤ አዲስ ማሽን ካላመጣችሁ ብሎ አይኮራም። እኔ ግን በሥራዬ እኮራለሁ፣ ምን ልደብቃችሁ።

አንድ ቀን አክስቴ ከበርጩማዋ ሳትነሳ፣ «ልጄ፣ ጣውንቴን አድኚልኝ» አለችኝ።

«ምን ልታደርጊባት ነው? ማውዝ ስትነኪ እንኳ የሚያቃጥልሽ ይመስል ትፈሪ የለም?»

«አንቺ ምን ቸገረሽ? ብቻ አድኚያት። እሷ ከዳነች እኔም ቤቴ እቀመጣለሁ።»

ውስጧ የተቀመጡትን የባሏን ፎቶዎች ልታይ ፈልጋ ነው ብዬ ደመደምኩ። ማሽኗን አስመጥቼ ከፈትኳት። ኃይል የሚሰጣት ሳጥን ተቃጥሏል፤ ከሌላ አሮጌ ፈትቼ ተካሁላት። ፎቶዎቹንና ካርታዎቹን ድምፅ ወደሌለው ዲስክ ገለበጥኩ። ያንን የሚንገጫገጭ ማራገቢያ ነቅዬ ወደ ቁርጥራጭ ጆንያው ወረወርኩና በቦታው ጸጥተኛ ገጠምኩ። ሊነክሱን ጭኜ ሳበራት ወዲያው ተነሳች፤ ኮሽታ እንኳ የላትም። ብቻዬን አጨበጨብኩ።

በማግስቱ አክስቴን ማሽኗ ፊት አስቀመጥኳትና ከባሏ ጋር የተነሳችውን ፎቶ አወጣሁላት። ስክሪኑን አላየችውም። ጆሮዋን ወደ ማሽኗ አስጠግታ ቆየች።

«አልተነሳችም እንዴ?»

«ተነስታለች እንጂ! ይኸው ፎቶሽ።»

«እሺ... እጅሽ ይባረክ የኔ ልጅ።» ሻርፗን አስተካከለች። «ለልጄ እደውልለታለሁ። ቤቱ ይሸጥ።»

ኩም አልኩ። ከዚያ ተናደድኩ። «ቆይ፣ ምን አጎደልኩ?»

«አንቺ ምንም አላጎደልሽ፤ እኔ ነኝ ቂሏ። ማእድ ቤት ሆኜ ስሰማት እሱ ያለ ይመስለኛል ብዬ ነው። ስንት ዘመን ስሰድባት ኖሬ... ቤቱ ጭር ሲል አልችልም፣ ልጄ።»

አንጀቴን በላችው። ወጌሻ ነኝ ባይዋ ለካ ደህናውን አጥንት ነው የሰበርኩት።

ዞር ብዬ ጆንያውን ባየው የለም። ብረታ ብረት ሰብሳቢው ጠዋት ወስዶታል። «ሱቁን ጠብቂልኝ» ብያት ሮጥኩ። ሰውዬው መጋዘኑ በር ላይ ሽቦ ሲልጥ ደረስኩ፤ የወሰደውን ሁሉ ከክምሩ ላይ ዘርግፎታል። በጉልበቴ ተንበርክኬ ቆርቆሮውን ስገለባብጥ ሳቀብኝ።

«እህቴ፣ ወርቅ ነው እንዴ የጣልሽው?»

«ከወርቅ ይበልጣል! ቆመህ ከምትስቅ አግዘኝ።»

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። እሱም መሳቁን ትቶ ጎንበስ አለ፤ ከአሮጌ ሬዲዮ ሥር መዝዞ ያወጣውም እሱ ነው። ክንፉ እንደተሸረፈ ነው። ደረቴ ላይ አድርጌው ተመለስኩ።

ለአክስቴ ምንም አልነገርኳትም። «ማሽኗን ቤትሽ ላድርስልሽ» ብዬ አብረን ሄድን። እሷ ሾርባ ልትሠራ ማእድ ቤት ገባች፤ እኔ በባሏ ክፍል ካቻቪቴዬን አወጣሁ። ደህናውን ነቅሎ የተበላሸውን መግጠም በእኛ ሙያ ነውር ነው። ግን እንደዚያን ዕለት ተጠንቅቄ ብሎን ያጠበቅኩበትን ቀን አላስታውስም።

አበራኋት። ማራገቢያው መጀመሪያ አንገራገረ፤ ከዚያ ያንን የወፍጮ ድምፁን ለቀቀው።

ማእድ ቤት የማማሰያው ድምፅ ቆመ። ጥፋት ሠራሁ ይሆን ብዬ እጄን ወደ ማጥፊያው ሰደድኩ።

«አንተ ሰውዬ!» ስትል ተሰማኝ፣ በዚያ በድሮው ቁጣዋ። «ያቺን ጣውንቴን ተዋትና ምሳህን ብላ! ሁለቴ አልጣራም!»

መልስ የሰጣት የለም። መቼስ እሱም መልሶላት አያውቅም። እኔ በወንበሩ ላይ ተቀምጬ፣ እንዳትሰማኝ አፌን በእጄ ይዤ አለቀስኩ።

ማማሰያው እንደገና መዞር ጀመረ። ትንሽ ቆይታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተጣራች፦

«አንቺም ነይ፣ ልጄ። አንቺ እንኳ ሲጠሩሽ ትሰሚያለሽ። በልተሽ ስትጨርሺ ደግሞ ለልጄ ደውዪልኝ፤ ቤቱ አይሸጥም በዪው።»