የቀለመ ወርቅ የነፍስ አባት

«ቄስ ያልጸለየበት ሠልስት ምኑን ሠልስት ሆነ!» አለች ቦጋለች፣ የንፍሮውን ሰፌድ ወደ ጎረቤቷ እየገፋች። ያንሾካሾከች መስሏት ነበር፤ ዳሱ ሙሉ ሰማት።

ነጠላዋን አዘቅዝቃ የተቀመጠችው ውባለምም ሰማች። ከወንድሟ ሞት ይልቅ ያንገበገባት ይኸው ነበር። ቀለመ ወርቅ ያለ ፍትሐት ተቀበረ። የቀብሩ ዕለት የደብሩ ቄስ ገብረ ሕይወት በደጀ ሰላሙ ቆመው፣ «የነፍስ አባቱ ማነው? ንስሐውን የተቀበለ ይመስክር» ቢሉ ከካህናቱ አንድም «እኔ ነኝ» የሚል ጠፋ። ስለዚህ ሬሳው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ተቀበረ።

ቀለመ ወርቅ በልጅነቱ የቤተ ልሔም ድጓ ቤት ተማሪ ነበር። ትምህርት ላስፋ ብሎ ወደ ትግሬ ተሻገረና ጣሊያን ከወጣ በኋላ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ጾም አይገድፍም፣ ቅዳሴ ከደጅ ቆሞ ያስቀድሳል፤ ሰው ሲቆርብ ግን እሱ ወደ ቤቱ ነው። ለምን ሲሉት «አልበቃሁም» ይላል። የጋይንት ሰው ደግሞ ምክንያት አያጣም፤ «ደብተራ አይደል፣ ሥር ቢምስ ነው» ብሎ ተወው።

ከሰዓት በኋላ ጨው ነጋዴው አያ ወልደ ጊዮርጊስ በቅሏቸውን እየሳቡ ደረሱ። በየዓመቱ አዝመራ ሲደርስ ይመጣሉ፣ ቀለመ ወርቅ ዘንድ ሰንብተው ይሄዳሉ። ዳሱን ሲያዩ እጃቸውን በራሳቸው ላይ ጫኑ። አልቅሰው ሲያበቁ፣

«ፍትሐቱስ?» አሉ።

«የነፍስ አባት የለውም ተባለ» አለች ውባለም።

 ሽማግሌው ወደ ጭነታቸው ሄዱ። ሲመለሱ ነጭ ጥምጥም ጠምጥመው፣ የእጅ መስቀል ይዘው ነበር።

«አለው» አሉ። «እኔ ነኝ።»

ለቀስተኛው ተነሥቶ መስቀሉን ተሳለመ፤ ቀዳሚዋ ቦጋለች ነበረች። ቄስ ገብረ ሕይወት ግን እንደ ለቀስተኛ ከተቀመጡበት ሳይነሡ፣ «አባ፣ ከየትኛው ደብር ነዎት?» አሉ።

«ከአዲግራት ሀገረ ስብከት፤ ዓሊቴናም ጓላም አገልግያለሁ። ካቶሊክ ነን።»

ቦጋለች ከንፈሯን በነጠላዋ ጠረገች።

«ቅዳሴያችን እንደናንተው በግዕዝ ነው፤ ጾማችንም ብዙ አይለይም። ለሮማው ጳጳስ ግን እንታዘዛለን» አሉ አባ። «አባቶቻችን ሲሳደዱ በዋሻ ቀድሰዋል፤ ነጋዴ መስለው ምእመናቸውን ጠይቀዋል። እኔም ከነሱ ይህን ወረስሁ። በዚህ አገር የነበረኝ ምእመን ቀለመ ወርቅ ብቻ ነው።»

ውባለም ያን ጊዜ ገባት። ሁለቱ ማለዳ ተነሥተው ጎተራ ቤት ገብተው በሩን ይዘጉ ነበር። ከውስጥ እንጉርጉሮ ትሰማና፣ «እናንተ፣ ጨው በዜማ ነው የሚመዘነው?» ብላ ትቀልድባቸው ነበር። ቀለመ ወርቅ እስኪያስለው ይስቅ ነበር እንጂ አንድ ቀን አልነገራትም።

«እኔን እኅቱን ደበቀኝ!» አለች። 

«ከአገሩ ጋር እንዳያጣላሽ ሰግቶ ነው» አሉ አባ።

ቄስ ገብረ ሕይወት ተነሡ። ከቀለመ ወርቅ ጋር አብረው ቆሎ ለምነው የተማሩ ናቸው፤ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «ውባለም፣ በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ አገር ያፋጀች ሃይማኖት ናት። እሳቸው በዚህ ቤት ፍትሐት ካደረሱ እኔ አልቀመጥም፤ ሕዝቡም አይቀመጥልሽም።»

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል። ውባለም ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ እዝኑንም ያመጡላት፣ ገብሷንም በደቦ የሚያጭዱላት እነዚሁ ናቸው። ሁሉንም አንድ በአንድ አየቻቸው። ፈራች።

«ከቅጥር ውጭ ሲቀር ዝም አልሁ» አለች። «አሁንስ አልችልም። አባ፣ ይግቡና ይጀምሩ።»

ለቀስተኛው ተነሥቶ ወጣ፤ ዳሱ ባዶ ሆነ። ቦጋለች ሰፌዷን ሳይቀር ይዛ ሄደች።

አባ ወደ ቤት ገብተው በቀለመ ወርቅ ባዶ መደብ ፊት ቆመው ፍትሐቱን ጀመሩ። ተቀባይ ካህን የሚመልስበት ቦታ ሲደርሱ የሚመልስ አልነበረም። ውባለም ግዕዝ አታውቅም። ይህን ግን ማን ያጣዋል?

«እግዚኦ ተሠሃለነ» አለች። ከፍ አድርጋ ደገመችው።

ጸሎቱ ረዘመ። የመንገድ ድካም የሰበራቸው አባ አንድ እጃቸውን ምሰሶው ላይ ጣሉ። ያን ጊዜ ገርበብ ባለው በር አንድ መቋሚያ ገባ፤ ተከትሎም የያዘው እጅ። ቄስ ገብረ ሕይወት ከቤቱ ክፈፍ ሥር ቆመዋል፤ ፊታቸውን ወደ ግቢው አዙረዋል።

«ስጪያቸው» አሉ። «ገና ብዙ ይቀራቸዋል።»

ውባለም መቋሚያውን ተቀብላ ለአባ በብብታቸው ሥር አደረገችላቸው። ከዚያ ወደ በሩ ተመለሰችና ወለል አድርጋ ከፈተችው።