ክንፍ የሌለው

አጎቴን ጋሽ ንዋይን በጣም እወዳቸዋለሁ፤ ያን ቀን ግን ላፕቶፑን ዘግቼ ጥያቸው ልወጣ ምንም አልቀረኝም።

ጋሽ ንዋይ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በማቀዝቀዣ መኪና ከዋሽንግተን ስቴት ባሕር ዳርቻ ዴንቨር ድረስ ኦይስተር ሲያመላልሱ ኖረዋል። ኦይስተር ድንጋይ በሚመስል ቅርፊት ውስጥ የሚኖር፣ ፈረንጅ ሎሚ ጨምቆ በጥሬው የሚውጠው የባሕር ፍጥረት ነው። ልጃቸው ሊዑል እዚያው ዳርቻ በሰው የኦይስተር እርሻ ላይ ጭቃ ሲያቦካ ኖሮ አሁን የራሱን ሊጀምር ነው። የባሕሩን ቦታ የሚፈቅደው ካውንቲው፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር ነው። ማመልከቻው በአባትና በልጅ ስም ገብቷል፤ ካልተፈቀደ ሊዑል ወደ ሰው ጭቃ ይመለሳል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ኦይስተር የሚለው ቃል ከጋሽ ንዋይ አፍ አይወጣም። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር እንስሳ አትብሉ ተብሎ በኦሪት ተጽፏል፤ እሳቸው ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችን ሰበካ ጉባኤ አባል ናቸው። "ቅርፊትስ አለው" ይላሉ አንዳንዴ ለብቻቸው። ክንፉን ግን ከየት ያምጡለት? ስለዚህ ለጠየቃቸው ሁሉ "ልጄ ዓሣ ያረባል" ይላሉ። ለሰው ይበሉ፣ ግድ የለም። ማመልከቻው ላይም "የዓሣ እርሻ" ብለው ሞሉት! ሊዑል ያወቀው ከገባ በኋላ ነው።

የካውንቲው አዲስ ዕቅድ ደግሞ ኦሪትን ገልብጦ የተጻፈ ይመስላል። ክንፍ ያለውን ዓሣ በመረብ አጥሮ ማርባት ባሕሩን ያቆሽሻል ብሎ ከልክሏል። ኦይስተር ግን ውኃውን ስለሚያጣራ ይስፋፋ፣ የባሕሩን ሣር ብቻ እንዳይነካ ይላል። እዚያ የሚከለከለው እዚህ የሚበላው፣ እዚያ የሚፈቀደው እዚህ የሚያሳፍረው ሆነና አረፈው።

ካውንቲው ማመልከቻውን የሚያይበት ስብሰባ በዙም ነበር። ለማስተርጎም ከሥራ አስፈቅጄ እዚህ ዴንቨር፣ ፓርክ ሂል ቤታቸው ስደርስ፣ የሰበካው ጸሐፊ በድሉ ሶፋው ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል። ለንግሥ በዓል ድንኳን ሊዋስ ነው የመጣው። ወሬ አፉ ውስጥ የማያድር ሰው! ጭራሽ "ሊዑል ለበዓሉ ምሳ ዓሣ ይላክልን እንጂ" ይላል። ጋሽ ንዋይ ሳል ሳል አላቸው።

ተራችን ደረሰ። "አፀደ፣ ምንድን ነው የሚሉት?" አሉኝ።

"ዓሣ ከሆነ አይቻልም፤ የምታረቡት ምን እንደሆነ ማመልከቻውን የሞላው ሰው በራሱ አፍ ይንገረን ነው የሚሉት።"

በድሉን ሰረቅ አድርገው አዩትና፣ ሹክሹክታችን እንዳይሰማ ማይኩን ሚዩት አደረጉት። "ያው ዓሣ ነው በያቸው።"

"ጋሼ፣ ዓሣ ካልኩ እኮ ለሊዑል አለቀለት!"

"እንግዲያው በእንግሊዝኛ ቀስ ብለሽ..."

"በድሉ ቀኑን ሙሉ ኡበር የሚነዳ ሰው ነው! እንግሊዝኛ አይሰማም ብለው ነው?"

ሊዑል በስክሪኑ ጥግ፣ ጭቃ በጭቃ በሆነ ጓንት ስልኩን ይዞ ይጠብቃል። "ዳድ፣ ፕሊስ" አለ።

ይሄኔ ጋሽ ንዋይ ብድግ አሉ። የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። "ልጄ የሚያረባው ኦይስተር ነው!" አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። "ክንፍ የለውም። ዓሣ ነው ያልኩት እኔ አፍሬ ነው። የሚታፈርበት ሥራ ግን አልሠራም፤ ከማንም በላይ ለፍቷል።"

ዓይኔ እንባ ሞላ። ስብሰባውን የምትመራው የካውንቲዋ ሴትዮ ግን ፊቷ ንቅንቅ አላለም። ሰዓቷን አየችና የሚቀጥለውን አመልካች ስም ጠራች።

ማይኩን አየሁት። ሚዩት ነው! ዕድሜ ልካቸውን የደበቁትን ነገር ከበድሉ በቀር የሰማ ፍጥረት የለም።

"እፎይ፣ ተነገረ" ብለው ተቀመጡ።

"ኧረ አልተነገረም!" ብዬ ጮኽኩ። ለትልቅ ሰው እንዲያ ጮኼ አላውቅም።

በድሉ ተነሳ። ወጥቶ አውሮራ ላለው አበሻ ሁሉ ሊደውል ነው ብዬ ነበር። እሱ ግን መጥቶ ላፕቶፑ ላይ ጎንበስ አለና ማይኩን ከፈተው። "ጋሽ ንዋይ፣ አልሰሙዎትም። ይድገሙት" አለ። "ክንፍ የለውም የሚለውን ጮክ አድርገው።"

ሴትዮዋን በእንግሊዝኛ ለመንኳት፤ አንዴ በረጅሙ ተንፍሳ ፈቀደች። ጋሽ ንዋይ ስክሪኑን ሳይሆን በድሉን እያዩ፣ "ኦይስተር ነው። ክንፍ የለውም" አሉ። ተረጎምኩት። ሴትዮዋ ማመልከቻው እንዲታረም አዘዘች፤ ቦታው የባሕሩን ሣር የማይነካ ከሆነ ይፈቀዳል አለች። ሊዑል በዚያ ጭቃማ ጓንት ፊቱን ሸፈነ።

በድሉ ድንኳኑን ተሸክሞ በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለ።

"ለበዓሉ ምሳ ግን ዓሣውን ሃቫና ስትሪት ካለው ሱቅ እንገዛለን" አለ። "ክንፍ ያለውን።"