የሽማግሌው ደረቅ ጫማ

ዶፍ ዝናብ ውስጥ የቆመው ሽማግሌ ጫማው ደረቅ መሆኑን ልብስ ሰፊዋ ያስተዋለችው በሩን ከከፈተችለት በኋላ ነበር።

ነገሩ የሆነው በኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ ነው። ልጇ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዲት መንደር ስታቀና ከርማ፣ ገላዋን ልትታጠብ ስትነሳ፣ «እማዬ፣ የመንደሩ በር ላይ ሰው ከመጣ ‹ይግባ› ወይ ‹አይግባ› በይ። አደራ!» ብላት ሄደች።

እናትየው ‹የፈሩት ይደርሳል› እያለች የኖረች፣ ቤቷን በሦስት ቁልፍ የምትከረችም፣ ቆጣሪ አንባቢውን ሁለቴ መታወቂያ የምታስወጣ ሴት ናት። ሽማግሌው «ልጄ፣ ብርዱ ገደለኝ» ሲል ግን አንጀቷን በላት። ‹ይግባ› አለች።

ልጅቷ ፎጣ ጠምጥማ ስትመለስ የመንደሩ ጎተራ በእሳት ይንቀለቀላል።

«እማዬ! ምን ጉድ ሠራሽ?»

«ጫማው… ደረቅ ነበር።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ለቆጣሪ አንባቢ ያላዘንሽ ለወንበዴ አዘንሽ?»

«እሺ፣ ወደ ኋላ መልሽው።»

«አይመለስም። አንዴ ከመረጥሽ መረጥሽ ነው።»

«ይቅርታ መጠየቂያስ የለውም?»

«የለውም!»

እሳቱ ሳይጠፋ ሌላ ሰው መጣ፤ ሕፃን ያዘለች፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ የሆነች ሴት። የተረፈው እህል ለመንደሩም አይበቃም። ልጅቷ እጇን አጣምራ፣ «አንቺው ጨርሺው» አለቻት።

«ብትሰርቀንስ? ብንመልሳትና ሕፃኑ ቢሞትስ?»

ይህን ስትል የእውነቱ በር ተንኳኳ። እናት በበሩ ማጮለቂያ ቀዳዳ አየች። የላይኛው ፎቅ ጎረቤቷ፣ ጡረተኛው ናቸው። ውጭ ይዘንባል፤ ጫማቸው ደረቅ ነው።

«ጋሼ፣ ጫማዎ ለምን አልራሰም?»

«ከላይ ወርጄ ነዋ! ደረጃ ላይ ይዘንባል እንዴ?»

«ምን ፈልገው ነው?»

«እኔማ ምንም። ቁልፎችሽን በውጭ በኩል ሰክተሽ ረስተሻቸዋል። ከቀትር ጀምሮ ሦስቴ ባንኳኳ እንደ ልማድሽ ድምፅሽን አጠፋሽ። ሌባ ቢሆን እኮ አያንኳኳም!»

እውነታቸውን ነው። ሦስቱንም ጊዜ ሰምታ ትንፋሿን ውጣ ተቀምጣ ነበር። በሩን ከፍታ ቁልፎቹን ተቀበለች፤ ምስጋናዋንም አጉተመተመች።

ወደ ጨዋታው ተመልሳ ማንንም ሳታማክር ‹ይግባ› አለች።

«ብታቃጥለንስ?» አለች ልጅቷ።

«እናያለን። አንቺ ግን የቀረውን እህል ቆልፊበት።»

ከዚያ ሄዳ የራሷን በር በሦስቱም ቁልፍ ከረቸመች፤ ቁልፎቹ በውስጥ በኩል መሆናቸውንም ሁለቴ ዳሰሰች።