ጉም የያዙት ሦስት ጠመንጃዎች

የኦሃዮ ሕግ ለአጋዘን አደን ከሚፈቅዳቸው አንዱ ቀለሁ ከላይ እስከ ታች እኩል የሆነ ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃ ነው። ሽማግሌው ቨርሊን ዓመት ሙሉ ሲያወጣ ሲያወርድ ከርሞ፣ ትከሻ የማይመታ፣ በእጅ የሚቀባበል ሊገዛ ዳርላ የጠመንጃ ሱቅ ገባ። የመጀመሪያውን አንስቶ በማነጣጠሪያ መነጽሩ እያየ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው የአጋዘን ራስ ላይ አነጣጠረ።

«መነጽሩ ጉም ይዟል።»

ዳርላ ሌላ አቀበለችው።

«ይሄም ያው ነው። ምን ዓይነት ዕቃ ነው የምታመጪው አንቺ?»

ሦስተኛውንም መለሰላት። ተቀብላ ስታይበት የአጋዘኑ ሽፋሽፍት አንድ በአንድ ታያት።

«እውነትዎን ነው ጋሽ ቨርሊን። የዘንድሮው ዕቃ አይረባም፤ ለከርሞ ይምጡ።»

ቨርሊን ዓይኑን አሸት አድርጎ ባርኔጣውን አጠለቀ። በሃያ ዓመት ደንበኝነቱ የገዛ ዕቃዋን ስታጣጥል ሰምቷት አያውቅም።