ሙኤ፣ ዛፏና አረንጓዴው ሰደርያ

ሙኤን ወገቧን የሚያማት ሰው ዛፏን ሲደገፍባት ነው። የምትለው እንደዚያ ነው እንግዲህ። ውኃ ቅጂ ስትባል፣ «ውይ ወገቤን! አንዱ ዛፌን ተደግፎ ፎቶ እየተነሳ መሆን አለበት» ትላለች። ሩዝ ውቀጪ ስትባል ትከሻዋን ይቆረጥማታል፤ ጦጣ ቅርንጫፏ ላይ እየዘለለ ነዋ! ጎመን ኮትኩቺ የተባለች ቀንማ ዛፉ ከነግንዱ በነፋስ ይወዛወዝና ራሷን ያዞራታል።

እዚያ የታይላንድ ተራራ ላይ ይህን ሰምቶ «ቀልደኛ ነሽ» የሚል የለም። እትብት ካረን በሚባለው ሕዝብ መንደር አይቀበርም፤ በቀርከሃ ተከትቶ ዛፍ ላይ ይታሰራል። ልጅ በተወለደ ማለዳ አባትየው ጫካ ገብቶ ጠንከር ያለ ዛፍ ይመርጣል፤ ከዚያ ወዲያ የልጁ ነፍስ እኩሌታዋ እዚያ ናት። ያንን ዛፍ መቁረጥ የማይታሰብ፣ መደገፍም ነውር ነው። ስለዚህ የሙኤ እናት ልጇ እያታለለቻት እንደሆነ ልቧ እያወቀ፣ «ምናልባት እውነቷን ቢሆንስ» ትልና ባልዲውን ራሷ ታነሳለች።

ይህ ሁሉ ምቾት የተበላሸው ወፏ የመጣች ዓመት ነው።

እርኩምን የምታውቁ የእሱን ዘመድ አስቡ፤ ይቺኛዋ ግን ዛፍ ላይ ነው የምትኖረው። ምንቃሯ ቢጫና የትየለሌ ነው፤ በዚያ ላይ ሌላ ምንቃር የሚያክል ቆብ ደፍታበታለች። እንስቷ የዛፍ ቀዳዳ ትመርጥና ገብታ በሩን በራሷ ላይ በጭቃ ትደፍነዋለች፤ የምትተወው አንዲት ስንጥቅ ብቻ ናት። ጫጩቷ እስኪጠነክር ድረስ ከዚያ ንቅንቅ የለም። ባልዬው ነው ሾላ እየለቀመ በስንጥቋ የሚያጎርሳት። «ወይ ባል!» ትላለች የሙኤ እናት፣ ባሏን በጎን አየት እያደረገች።

ታዲያ ወፏ መንደሩን የከበበውን የብሔራዊ ፓርኩን ጫካ ሁሉ ዞራ ዞራ የሙኤን ዛፍ መረጠች። ወሬው ከተማ ደረሰ። መድፍ የሚያክል ሌንስ የተሸከመ ጎብኚ ሁሉ ተራራውን እያለከለከ ይወጣ ጀመር። የፓርኩ አለቃ ኪቲፖን ከቺያንግ ማይ ከተማ በቅርቡ የተዛወረ፣ ደንብ ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ የሚመስል ሰውዬ ነው። ከዛፉ ራቅ አድርጎ የቀርከሃ መከለያ አሠራና ከመንደሩ አንድ ወጣት አስጎብኚ እፈልጋለሁ አለ። አንድ ብቻ። አስጎብኚው ደረቱ ላይ ወፏ የተጠለፈችበት አረንጓዴ ሰደርያ ይለብሳል። ያለ ሰደርያ ማንም ሰው ጎብኚ ይዞ ወደ ዛፉ አይሄድም።

ሙኤ ሰደርያውን ስታይ ምግብ አስጠላት። እሱን የለበሰ ወቅቱን ሙሉ ከሩቅ አገር ሰው ጋር ሲያወራ ይውላል። ያልለበሰው ደግሞ ከጥቅል ጎመኑ ጋር ጎንበስ ቀና ሲል ይከርማል። ጎመን አያወራም።

ችግሩ ፖቱ ነው። ፖቱ የአጎቷ የዲጌ ልጅ፣ በአንድ ሌሊት የተወለደ እኩያዋ ነው፤ ከጎመን ጋር ያለው ፍቅርም ከእሷ አይበልጥም።

አለቃው መንደርተኛውን ሰብስቦ፣ «ለእኔ ሁለቱም ያው ናቸው፤ እናንተው ምረጡ» አለ።

«እንዴት ያው ይሆናሉ?» አለ የሙኤ አባት፣ ቱዋ። «እንግዳን ወደ ቤት የሚያስገባ ባለቤቱ ነው። ዛፉ የልጄ ነው።»

«የማን ልጅ?» ዲጌ ከተቀመጠበት ተነሳ። «ትልቁ ላይ ያሰርኩት እኔ ነኝ! የአንተ ያ አጠገቡ ያለው ጠማማው ነው፤ ሳማ የወረሰው።»

«አንተ ያን ቀን ዛፍና ጎሽ ትለይ ነበር? የሩዙን አረቄ ማን ጨለጠው?»

«አብረን አይደል የጨለጥነው!»

«ዝናብ ነበር፣ አልታየህም።»

«ዝናቡ ለእኔ ብቻ ነው እንዴ የዘነበው?»

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ቀርከሃዎቹ ከበሰበሱ ዘመን ሆኗቸዋል፤ ምስክር ደግሞ ከሁለቱ ሰካራሞች ሌላ አልነበረም። በዚህ መሀል ፖቱ እጁን አወጣ።

«አለቃ፣ ቀላል እኮ ነው» አለ፣ ወተት የመሰለ ድምፅ አውጥቶ። «ሙኤን ዛፏ ሲነካ ያማታል። ሁልጊዜ ትለን የለ? ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጥ፤ እርስዎ ሹልክ ብለው ግንዱን ይንኩት። ‹አመመኝ› ያለችው በትክክል ሲነኩት ከሆነ ዛፉ የእሷ ነው። ዝም ካለች የእኔ።»

ሙኤ ዞር ብላ እናቷን አየች።

«ምነው ሙኤ፣ ፊትሽ ገረጣ?» አላት ፖቱ። «ደገፍ አሉብሽ እንዴ?»

«አንተ ይልቅ ምላስህን አያሳክክህም? ጠማማውን ዛፍህን ሳማ እየገረፈው መሰለኝ።»

መመለሱን መለሰች፤ መውጫው ግን አልታያትም። አልፈተንም ብትል ሰደርያው ሄደ፣ የወገብ ሕመሟም ለዘላለሙ ዳነ። እናቷ ደግሞ ከሩቅ ባልዲውን በዓይኗ እየፈለገች ነበር።

ሌሊቱን አሰበችበትና ጠዋት ፈገግ ብላ ተነሳች። በጋ ነው፤ ጫካው ውስጥ ቅጠሉ ደርቆ እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል። አለቃው ደግሞ የሚጫማው ከባድ ቦት ነው። ኮሽ፣ ኮሽ፣ ኮሽ ሲል እየሰማች፣ ኮሽታው ሲያቆም «ውይ!» ማለት ነው። ይህን ማን ያቅተዋል?

መከለያው ጋ ስትደርስ መንገዱ እንደ ሙሽራ ደጅ ተጠርጎ ጠበቃት። ፖቱ መጥረጊያውን ተደግፎ ቆሟል።

«አስጎብኚ መሆን የሚፈልግ ሰው ማልዶ ይጠርጋል» አላት።

«እግርህን ይቀጥቅጠው!»

ቦቱ ግን አለ ብላ ተጽናናች። ይህንንም አንድ ሰው ቀማት፤ ያውም የገዛ አባቷ። «አለቃ፣ ጫማዎን ያውልቁ እንጂ» አለ ቱዋ በጨዋ ደንብ። «የሰው ዛፍ እኮ ነው።» አለቃውም ደንብ ሲባል ይወዳልና ቦቱን አውልቆ፣ ሰደርያውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ በባዶ እግሩ እንደ ድመት ወደ ዛፉ ሄደ።

ሙኤ መከለያው ውስጥ ጀርባዋን ለዛፉ ሰጥታ ተቀመጠች። ከጎኗ ከነጋ ጀምሮ የተቀመጠች አንዲት የባንኮክ ሴትዮ ነበረች፤ ካሜራዋን እንደ ሕፃን አቅፋዋለች።

«ይሄ ፈተናችሁ አያልቅም?» አለች ሴትዮዋ በሹክሹክታ፣ ተናድዳ። «ባልዬው እኮ ዛሬ ድርሽ አላለም። ሰው በዛበት። ሚስቱ እዚያ ውስጥ ረሃብ ሊገላት ነው።»

 የሙኤ ጆሮ ከኋላዋ ነበር። ምንም! ኮሽታ የለ፣ ትንፋሽ የለ። አሁን ይነካው ይሆን? ነክቶትስ እንደሆነ? እንግዲህ በግምት ነው፤ ይሄኔ ደርሷል ብላ ልትጮኽ አፏን ከፈተች።

ያኔ አየችው።

ፊት ለፊቷ ካለው ዛፍ ላይ ባልዬው ተቀምጧል። ጉሮሮው በሾላ አብጧል። በቀይ ዓይኑ በእሷ ራስ በላይ አሻግሮ ሚስቱን ያያል፤ አንዴ ክንፉን ከፈት ያደርግና መልሶ ይሰበስባል። ለመምጣት ድፍረት አጥቷል ማለት ነው። አንዲት «ውይ!» ብትሰማ ከነሾላው ተራራውን ተሻግሮ ይጠፋል፤ ዛሬም ተመልሶ አይመጣም።

ሙኤ ስለ ሰደርያው አሰበች። ስለ ጎመኑ አሰበች። የጎመኑ ማሳ ዓይኗ ላይ ከአድማስ አድማስ ተዘረጋ። አፏ ግን እንደተከፈተ ቀረ።

«እህ?» አለ ፖቱ ከመከለያው ጥግ፣ በሹክሹክታ። «ነክቶታል እኮ! አላመመሽም?»

አፏን ዘጋች። በከንፈሯ ወደ ላይ ጠቆመችው። ፖቱ ቀና አለና እሱም አፉ ተከፍቶ ቀረ።

ወፉ ተነሳ። ክንፉ ዳገት የሚወጣ የጭነት መኪና ድምፅ አለው፤ በራሳቸው ላይ ሲያልፍ የሙኤ ፀጉር ተንሳፈፈ። እሷም ፈተናውን ትታ ዞረች። አለቃው መዳፉን ግንዱ ላይ ለጥፎ፣ በባዶ እግሩ፣ እንደ ሐውልት ደርቋል። ባልዬው ከእሱ በላይ ግንዱን ቆንጥጦ ያዘና ሾላውን አንድ በአንድ ከጉሮሮው እያወጣ በስንጥቋ ያቀብል ጀመር። ሴትዮዋ ካሜራውን እያንጣጣች ታለቅሳለች። ቱዋና ዲጌ ሳያውቁት እጅ ለእጅ ተያይዘዋል።

ወፉ አጉርሶ ጨርሶ ሄደ። አለቃው ገና በእፎይታ መተንፈሱ ነበር፤ ሚስትየው የቤት ጽዳቷን ጀመረች። ጎጆዋን የምታቆሽሽ ሴት አይደለችም፤ ጀርባዋን ወደ ስንጥቋ አዞረችና ፍጭጭ!

«ውይይይ!» አለ አለቃው።

ኩሱ ራሱን፣ አንገቱንና ትከሻውን አዳርሶ ሰደርያው ላይ አረፈ።  ዲጌ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ» አለ፣ «ዛፉ ሲነካ ‹ውይ› ያለው አለቃው ብቻ ነው።»

«ዛፉ የአለቃው ነዋ!» አለ ቱዋ፤ ወንድማማቾቹም መሬት ላይ ተቀምጠው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

አለቃው ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። ከታች ከፓርኩ በር በኩል የጎብኚዎች መኪና ጡሩንባ ተሰማ። ደንብ ደንብ ነው፤ ሰደርያውን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ከሰውነቱ አራቀው።

«እንግዶቹ ደርሰዋል። ልጅቷ ዝም ስላለች በውላችሁ መሠረት ፖቱ...»

ፖቱ አፍንጫውን ይዞ ወደ ኋላ አፈገፈገ። «እሺ፣ ግን መጀመሪያ ይታጠብና... ነገ...»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰም። ሙኤ ሰደርያውን ከአለቃው ጣት ላይ ነጠቀችና በነጭ ቀሚሷ ላይ ለበሰችው። እርጥቡ ትከሻዋ ላይ ሲያርፍ ትንሽ ሰቀጠጣት።

«ቆይ እንጂ አንቺ ልጅ! ይሸታል እኮ!» አለ አለቃው።

«የቤቴ ሽታ ነው፣ አለቃ» አለችና የተጠረገውን መንገድ ቁልቁል ተያያዘችው።

 አለቃው ተቃውሞ ይኖረው እንደሆነ ፖቱን አየት ሲያደርገው፣ ፖቱ አፍንጫውን እንደያዘ «የለኝም» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ስለዚህ ማንም ሙኤን «ተመለሽ» አላላትም።

ጎብኚዎቹ ሲያይዋት እንደ አንድ ሰው ሆነው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። እሷ ግን እንደ ባለቤት ደረቷን ነፍታ፣ «እንኳን ደኅና መጣችሁ፤ ተከተሉኝ» አለቻቸው። ያን ጊዜ ነው ሰደርያው ኪስ እንዳለው ያስተዋለችው። ቀሚሷ ኪስ ኖሮት አያውቅም። በኩራት እጇን ከተተች።

ኩሱ እዚያም ገብቷል።

እጇን አላወጣችም።